የሐጂ በክሪ አፍንጫ

ነኢማ የደወለችልኝ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ሳለሁ ነው። «መምህር፣ አባዬ ሄደ። ከዙህር በኋላ ይቀበራል» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልኳት። ሰው አባቴ ሞተ ሲል «እሺ» ይባላል? እኔ ግን አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁና የአሲድና የቤዝ ጥያቄውን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። በኋላ ደግሜ ሳየው አንድም ልጅ ላይ አልተሳሳትኩም።

ወረቀቱ ሳምንት ቢቆይ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሬሳ ግን በሙስሊሞች ዘንድ አያድርም። ከትምህርት ቤቱ እስከ ጀጎል በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ የዙህሩን አዛን ሰማሁ፣ ቆይቶም የዐስሩን ሰማሁ። የተሰማኝን እንዳልነግራችሁ የተሰማኝ ነገር የለም። ጥርስ ሊነቅል ሐኪሙ ሲያደነዝዘው ጉንጭ የራስ አይመስልም አይደል፣ እንደዚያ ነበርኩ። ማታ እራቴን በላሁ። ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

እንዲህ ሆኜ የቀረሁበት ምክንያት አለ፤ እሱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ሰውየውን ማሳወቅ ይኖርብኛል።

ሐረር የገባሁት እያስመለሰኝ ነው። የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ተመድቤ ከደብረ ታቦር ስመጣ፣ ከድሬዳዋ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲጀምር ሆዴ ተገለበጠ። አጠገቤ የተቀመጡ ወፈር ያሉ ሴትዮ ከቦርሳቸው ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አወጡ፤ ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረጉና «ወደ አፍንጫህ አስጠጋው እንጂ አታስነካው» አሉኝ። መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር መጣ፣ ከኋላው ዝንጅብል። ሆዴ ጨርሶ ባይተኛም ሐረር እስክንገባ ታገሰኝ። ሴትዮዋ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ እዚያው ሐረር ተወልደው ያደጉ ወጌሻ ናቸው። ዘይቱን በሰሊጥ ዘይት እያቀጠኑ የታመመ ጉልበትና ወገብ ያሹበታል። «ከየት ይገኛል?» ብላቸው «የሐጂ በክሪ ነዋ» አሉኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ከወዴት መጣ በሚል ፊት።

ሐጂ በክሪ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ከቅመም ሻጮቹ መካከል አንድ ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። እርዱን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ጥቁር አዝሙዱን እንደማንም ነጋዴ ይሸጣሉ። ስማቸው የወጣው ግን በዝንጅብል ዘይት ነው። ዘይቱን ጀጎል ውስጥ ባለው ቤታቸው ግቢ ራሳቸው ያነጥሩታል። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የለም፣ ማኅተም የለም። ገዢ «ጥሩ ነው ወይ?» ሲላቸው ክዳኑን ከፍተው በአፍንጫቸው ሥር አንዴ ያሳልፉትና «አሽትቼዋለሁ» ይላሉ። በቃ። ከድሬ ጠያራ የመጣው ገበሬም፣ ከአቦከር የመጣው የመንግሥት ሠራተኛም ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ነበር የሚሄደው።

መጀመሪያ ቀን ሱቃቸው ስሄድ ያደረግሁት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። አንድ ጠርሙስ ገዛሁና እዚያው ክዳኑን ምላሴ ጫፍ ላይ አስነካሁት። ያቃጥለኛል ብዬ ስጠብቅ አላቃጠለኝም። መራር ነገር ነው፣ ሽታው አፍ ይሞላል፣ እሳቱ ግን የለም።

«ሐጂ፣ ይሄ ዝንጅብል አይደለም» አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ። «ዝንጅብል ያቃጥላል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጠርሙሱን ተቀብሎ ያባርረኝ ነበር። እሳቸው ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው፤ ከላይ ወደታች አዩኝ። «አንደኛ ይሄ ነገር አይዋጥም፤ ምላስህን አስለምደው» አሉ። «ሁለተኛ፣ ማቃጠሉ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል። እንፋሎቱ ተሸክሞ የሚወጣው ሽታውን ነው። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሥራህ ምንድነው?»

«የኬሚስትሪ መምህር ነኝ።»

«እንግዲያ አንተ ትነግረኛለህ።»

ቤቴ ሄጄ መጽሐፍ አገላበጥኩ። እውነታቸውን ነው፤ የዝንጅብል ሽታ ቀላል ስለሆነ ከእንፋሎት ጋር ይበራል፤ ምላስ የሚያቃጥለው ከባድ ስለሆነ እንፋሎት አያነሳውም፣ ከታች ይቀራል። በማግሥቱ ሄጄ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና «መጽሐፉም እንደኔ ነው የሚለው ማለት ነው» አሉ። ደግሞም «ጎበዝ መጽሐፍ ነው» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው እሄድ ጀመር። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ነኢማ ድሬዳዋ አግብታ ትኖራለች። ትልቁ ነጭ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላግዝዎ ብላቸው አንድ ሳፋ ዝንጅብል ሰጡኝ። እናቴ ለወጥ እንደምታዘጋጀው በማንኪያ ልጣጩን ፍቄ ፍቄ፣ አጥቤ፣ ንጹሕ ቢጫ አድርጌ አቀረብኩላቸው። ኮርቼ ነበር። ሐጂ ሳፋውን አዩ፣ መሬት ላይ የተከመረውን ልጣጭ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ልጣጩን ለቃቅመው ድስት ውስጥ ጨመሩትና የላጥኩትን ሳፋ ለጎረቤት ሰደዱት።

«ዘይቱ ያለው ከልጣጩ ሥር ነው» አሉኝ። «አንተ ዘይቱን ጥለህ ሥጋውን አመጣህልኝ። ማጠብ እንጂ መላጥ የለም።»

ለወራት ያንን እየደጋገሙ ቀለዱብኝ። ጎረቤት ሲመጣ «ይሄ ነው ልጣጩን የጣለው መምህር» ብለው ነበር የሚያስተዋውቁኝ።

አሠራራቸው ቀላል ነው፣ ትዕግሥቱ ነው እንጂ። ዝንጅብሉ ታጥቦ ጥላ ሥር ትንሽ ይጠወልጋል። በሙቀጫ ድቅቅ ሳይል ፈርከስከስ ይላል። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ዝንጅብሉም ይገባል፤ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ይመረጋል። ከክዳኑ የሚወጣው የመዳብ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ተጠምዝዞ ያልፍና በወዲያኛው በኩል ጠብ፣ ጠብ ይላል። የሚወርደው ውሃና ዘይት ነው፤ ዘይቱ ቀጭን ቢጫ ሆኖ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በመርፌ የለሽ ሲሪንጅ ይስቡታል። አንድ ማዳበሪያ ዝንጅብል ቀኑን ሙሉ ፈልቶ የሚሰጠው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የቡና ስኒ ነው። ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ገና ያቃጥላል፤ እሱን ጎረቤቶች ወስደው አድርቀው ሻይ ውስጥ ይጨምሩታል።

ችግሩ ውሃ ነው። ሐረር የኖረ ያውቀዋል። ቧንቧው በፈለገው ቀን ይመጣል፣ ባልፈለገው ቀን አይመጣም። ሐጂ ጀሪካኖቻቸውን በግድግዳው ሥር ደርድረው ለበርሜሉ፣ ለድስቱ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡበት ለውዱ፣ ለመጠጥ ብለው ይከፋፍሏቸዋል። የውዱውን ጀሪካን ለዘይት ሲነኩት አላየሁም።

ማሽተትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዘይት አንዴ ተሽትቶ አይፈረድበትም። ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ ይጣልና ወዲያው ይሸተታል፣ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ይሸተታል፣ በማግሥቱ ጠዋት ይሸተታል። ሲመጣ ሎሚ ነው፣ ሲቀመጥ ዝንጅብል ነው፣ ሲያድር ደረቅ እንጨት ነው። ከታች የጭስ ነገር ካለ የድስቱ ሥር አርሮ ይዞታል ማለት ነው፤ ያ ዘይት አይሸጥም። ፀሐይ ያገኘው ወይ ያረጀ ከሆነ ወፍሮ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል።

አጉል ሽያጭ አያውቁም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ልጁ ሳል ብሎ ጠየቃቸው፤ እንቢ አሉት። «ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ቆዳውን ይለበልበዋል። ሐኪም ቤት ውሰደው።» ሰውየው ቢለምን፣ ቢቆጣ ወይ ፍንክች። ሲሄድ ወደኔ ዞረው «ዝንጅብል ጓደኛ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም» አሉ። ለሁሉም ገዢ ደግመው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነው፦ ብቻውን ቆዳ ላይ አታድርግ፣ በሰሊጥ ዘይት አቅጥነው፣ ከዓይንህ አርቀው፣ አትጠጣው።

ኮሮና ከተማውን ሲዞር እሳቸውንም አገኛቸው። ሁለት ሳምንት ተኝተው ተነሱ። ከስተው ነበር፣ ግን ተነሱ፤ አልሐምዱሊላህ ብለው ሱቃቸውን ከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ረመዳን ገባ። በዚያ ወር አንድ ቅዳሜ ከዘይቱ ጥጥ ላይ ጣል አድርገው ለኔ ሰጡኝ።

«ጾመኛ ነኝ፤ አንተ አሽትተው» አሉ። «ሽቶ በጾም ማሽተት ደስ አይለኝም።»

ደስ ብሎኝ አሸተትኩ። ሎሚው፣ ዝንጅብሉ፣ በማግሥቱም እንጨቱ። «ጥሩ ነው» አልኳቸው። ረመዳኑን በሙሉ እንዲህ ሆንን። ዒዱ አለፈ፤ ከዒዱ በኋላ ያለውን ስድስት ቀንም ስለሚጾሙ ያኔም እኔው አሸተትኩ። ከዚያ ሐረር ሹዋል ዒድን አከበረች፣ ጾሙ ሁሉ አለቀ። በቀጣዩ ቅዳሜ ጥጡን አሁንም ለኔ ዘረጉልኝ። ምንም አላሰብኩም። መምህሩን ለመዱት አልኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ፣ ነደባው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠው ያወሩኛል፤ ከኋላቸው ከሰል ላይ ወተት ተጥዷል። እኔ ከግቢ ጀሪካን አስገብቼ ስመለስ ቤቱን ያረረ ወተት ሽታ ሞልቶታል። ወተቱ ገንፍሎ፣ አልቆ፣ ሥሩ ጠቁሮ ይጨሳል። ሐጂ ጀርባቸውን እንደሰጡት መቁጠሪያቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሮጬ ድስቱን አወረድኩት። ዞር ብለው ድስቱን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። ገባኝ። እንደገባኝም ገባቸው።

«ከመቼ ወዲህ?» አልኳቸው።

«ከተነሳሁ ወዲህ።»

«ምንም?»

«ምንም። ሽንኩርት የለ፣ ጭስ የለ፣ ዝንጅብል የለ።» መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱ። «ይመለሳል ይላሉ። ከዚህ ቤት እንዳይወጣ መምህር። እኔ የምሸጠው ዘይት አይደለም፣ አፍንጫዬን ነው። ሰው ይሄን ቢሰማ ስሜ አለቀ።»

ነኢማ እንኳን አታውቅም ነበር። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐጂ በክሪ አፍንጫ እኔ ሆንኩ። እኔ ቅዳሜ አሸታለሁ፣ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የመጨረሻውን ጥጥ አሸታለሁ፤ እሳቸው ሰኞ ሱቃቸው ቆመው ጠርሙሱን በአፍንጫቸው ሥር ያሳልፉና «አሽትቼዋለሁ» ይላሉ። አመኑኝ። እኔም ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ማንም የማያውቀው ሹመት ነበረኝ። የሐረር ሰው በኔ አፍንጫ ነበር የሚገዛው፤ በመንገድ ሲያልፈኝ ግን አያውቀኝም። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ኖርን። አፍንጫቸው አልተመለሰም።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ። ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። ሐጂ ለበርሜሉ እንዲበቃቸው ብለው ድስቱ ውስጥ ውሃ አሳንሰው ሐሙስ ዕለት ብቻቸውን ጣዱ። ቅዳሜ ስደርስ ዘይቱ ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ ጥጡም ተዘጋጅቷል። እኔ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ጉንፋን አንቆ ይዞኛል። ጥጡን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ምንም የለም። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ምንም።

«እህ?» አሉኝ ሐጂ። ቆመው ይጠብቃሉ። ድካም ይታይባቸዋል፤ ሰኞ ዘይት የቀጠሯቸው ሰዎች አሉ።

ጉንፋን ይዞኛል ማለት ምን ያህል ከባድ ነገር ነው? ልጅ ይለዋል። እኔ ግን ያቺን ሹመት ለአንድ ቅዳሜ እንኳ ማስቀመጥ አቃተኝ። ለሳቸው ቃሌ ሁሌም ልክ ነበር፤ አፌም ያንኑ ለምዷል።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ በጊደር መጋላ በኩል አለፍኩ። ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ናቸው፤ ሦስት አራት ሰው ከበዋቸዋል። እትዬ አስካለ ጠርሙስ ይዘው ከፊታቸው ቆመዋል።

«በክሪ፣ ይሄ ዘይት አሯል» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ የተሰበረ እጅ ሲዳስሱ እንደሚናገሩት ነው የተናገሩት። «ስንት ዓመት ካንተ ስገዛ እንዲህ ያለ ሰጥተኸኝ አታውቅም። ሥሩ ይዞታል። አላሸተትከውም?»

እኔ አሥር እርምጃ ባልሞላ ቦታ ነበርኩ። ሐጂ ቀና ሲሉ አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ወደፊት ገብቼ «እኔ ነኝ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላልኩም። ዝም አይነቅዝም ይላል የኛ ሰው። ይነቅዛል። እኔ ዘንድ ነቅዟል።

ሐጂ ጠርሙሱን ከእትዬ አስካለ እጅ ተቀበሉና እንደለመዱት በአፍንጫቸው ሥር አሳለፉት። አሁን እንደሚያደርጉት ሳይሆን፣ ከመታመማቸው በፊት ያደርጉት እንደነበረው ቀስ ብለው። ከዚያ ክዳኑን ገጠሙት።

«ልክ ነሽ ይሆናል አስካለ» አሉ። «እኔ አላውቅም። አፍንጫዬ ካመመኝ ወዲህ ሞቷል። ከዓመት በላይ ሆነው። አሽትቼዋለሁ ስላችሁ ዋሽቻችኋለሁ። የወሰደ ሁሉ ይመልስ፤ አላህም እናንተም ይቅር በሉኝ።»

የኔን ስም አልጠሩም። የዓመት ምስጢራቸውን በአደባባይ ጣሉት፣ የኔን አንድ ቃል ግን ይዘው ቆሙ። እኔ ዘወር ብዬ ሄድኩ።

ሦስት ቀን ቆይቼ ነው ቤታቸው የሄድኩት። አንገቴን ደፍቼ «ሐጂ፣ ያን ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አልኳቸው።

«ገበያው ላይ ገባኝ» አሉ። «ስገዛ ስሸጥ ድምፅ ነው የማዳምጠው። ያን ቅዳሜ በአፍንጫህ ነበር የምታወራው፤ እኔ ዘይቱን እንጂ ሰውየውን አላዳመጥኩም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? መምህሩ ማሽተት ሳይችል እችላለሁ አለኝ ብዬ?» ፈገግ አሉ። «ይሄን ነገር ከማን ተማረው ቢሉኝስ።»

ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። የሰደበኝ ሰው ጋ ተመልሼ መሄድ እችላለሁ፤ እንዲህ ይቅር ያለኝ ሰው ፊት መቆም ግን አቃተኝ። መጀመሪያ ፈተና ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ስብሰባ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ምንም ሳልል ቀረሁ። ቅዳሜዎቼ አለቁ።

ወሬያቸውን ከእትዬ አስካለ እሰማ ነበር። ሱቃቸው ላይ ጠርሙሶቹን ክዳናቸውን ከፍተው ይደረድሩና «የኔ አፍንጫ ጡረታ ወጥቷል፣ ራሳችሁ አሽትታችሁ ውሰዱ» ይላሉ አሉ። ግማሹ ደንበኛ ቀረ። እትዬ አስካለ አልቀሩም። «አፍንጫው ቢሞት አፉ አልሞተ» አሉኝ አንድ ቀን መንገድ ላይ፤ ለምን እንደማልሄድ አልጠየቁኝም። በኋላ ሐጂ መታመማቸውን፣ ነኢማም ባሏን አስፈቅዳ ልታስታምማቸው መምጣቷን ሰማሁ። ልጠይቃቸው ይገባል አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ወንዶቹ መካከል ተቀመጥኩ፤ የሚሉትን እየሰማሁ እኔም «አላህ ይርሐማቸው» አልኩ። አፌ አለ፣ ሌላው እኔ የት እንደነበረ አላውቅም። የሳቸው መደገፊያ ትራስ ባዶ ነበር፤ አየሁትና ዓይኔን አሳለፍኩ። ሻይ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ።

ልነሳ ስል ነኢማ በሩ ላይ ቆማ ጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ወደ ግቢው ወሰደችኝ። እትዬ አስካለ እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ድስቱ እንዳለ ነው፤ ክዳኑ ላይ የደረቀ ሊጥ ተጣብቋል። በርሜሉ ባዶ ነው። ነኢማ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አንድ ጠርሙስ አነሳችና ጥጥ ላይ ጣል አድርጋ ዘረጋችልኝ።

«ይሄን ያነጠርኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ ከተኛ በኋላ» አለች። «ሱቁን ልይዘው ነው። የመጀመሪያዬ ነው። ጥሩ ነው ወይ?»

እትዬ አስካለ መሬት መሬት ያያሉ። ጥጡን አስጠጋሁ። አፍንጫዬ ያን ቀን ደህና ነበር፣ ጉንፋን የለብኝም። ሎሚው መጣ። ዝንጅብሉ መጣ። ከሥራቸው ደግሞ ያ ነገር ቀስ ብሎ መጣ፣ የወተቱ ቀን ቤቱን የሞላው ዓይነት።

አባቷን ከቀበረች ሦስት ቀኗ ነው። በለቅሶ ቤት፣ አባት ለሞተባት ሴት፣ የመጀመሪያ ሥራሽ ተበላሽቷል ይባላል? ምን ነበረበት፣ ለዛሬ ጥሩ ነው ብላትና ሌላ ቀን ብነግራት። አፌ «ጥሩ ነው» ለማለት ተከፍቶም ነበር። የለመደው እሱን ነዋ።

«አሯል» አልኳት።

ነኢማ ጥጡን ከእጄ ወሰደች። እትዬ አስካለ ቀና አሉ።

«አውቃለሁ» አለች ነኢማ። «ውሃ አጥሮኝ ነው ያረረብኝ። እኔም እትዬ አስካለም ሸቶናል። ልደፋው ስል አባዬ ተዪው አለኝ። 'መምህሩ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ይሄንኑ ስጪው። ጥሩ ነው ካለሽ ሻይ አጠጪና ሸኚው። አሯል ካለሽ ግን ያ ሰው የኛ ነው፣ እንዳትለቂው' አለኝ።»

ቆምኩ። ሐኪሙ ያደነዘዘው ጉንጭ የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ውርር ያደርገዋል፣ ከዚያ ነው የሚያምመው። በርሜሉን ይዤ ቁጭ አልኩ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሴቶች እያዩኝ፣ በድምፅ አለቀስኩ። ናፈቁኝ። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ ቤቴ ተቀምጬ ያባከንኩትን አሰብኩ፤ ሰውየው ግን እስከ መጨረሻው ይመጣል ብለው ነበር። እትዬ አስካለ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ፣ የወለቀ አጥንት እንደሚይዙት ጠበቅ አድርገው። «ቆይተሃል» አሉኝ።

ነኢማ ጠርሙሱን አፈር ላይ ደፋችው። ስታጥበው ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የተጠቀመችው።

«ውሃ መቼ ይመጣል?» አልኳት ፊቴን ጠርጌ።

«ሐሙስ ይላሉ። ይላሉ እንጂ መቼ መጥቶ ያውቃል።»

«ቢመጣም ባይመጣም ቅዳሜ እመጣለሁ። ሁለት ጀሪካን ከቤቴ አመጣለሁ» አልኳት። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ዞር አልኩ። «ነኢማ፣ ዝንጅብሉን እጠቢው እንጂ ልጣጩን እንዳትነኪው።»